የዲኑ ፓስዎርድ

ወርቅውሃ ሀብተጊዮርጊስ ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ነው የሚለው። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ታወጣቸዋለች። የሚያውቋት ሰዎች ያን ጊዜ ሰበብ ፈልገው ከክፍሉ ይወጣሉ። በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ግን ጅማ ውስጥ የምትሠራበት የግል ጤና ኮሌጅ ሰዎች መውጫ አጥተው ቁጭ ብለው ሰሟት።

አባቷ ከሰላሌ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተዛውረው ጅማ የገቡ ሰው ነበሩ። እሷ እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ተወለደች፤ ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትሮጥ፣ የአማርኛ ጽሕፈቱን የአባቷን ማመልከቻ ስትገለብጥ ተማረችው። በ1973 የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ገብታ በስድስት ወር ውስጥ ጣቶቿን ሳታይ የምትመታ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ጉዳይ በእጇ ሲያልፍ ኖረ፤ የሹመት ደብዳቤ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የፍቺ ስምምነት፣ የፈተና ጥያቄ። አንዱንም ወሬ አድርጋ ወደ ቤቷ ወስዳ አታውቅም። ጎረቤት «እከሌ ተባረረ ይባላል፣ እውነት ነው?» ሲላት «እኔ ፊደሉን ነው የማየው» ብላ ታልፋለች።

በ1992 ኮሌጁ ሲከፈት ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ያኔ አንድ ፈተና ማዘጋጀት ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። መምህሩ በእጁ ጽፎ ያመጣል፤ እሷ በሯን ዘግታ ስቴንስል በሚባለው ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ትመታለች፤ የማባዣውን እጀታ ክንዷ እስኪዝል ታዞራለች። ሲያበቃ ስቴንስሉና የተበላሸው ወረቀት ግቢው ጥግ ላይ ይቃጠላል። ፈተናው የሚገባበት የብረት ቁም ሣጥን ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ ዲኑ ጋ፤ ያለ ሁለቱ አይከፈትም። አሰልቺ ነበር። ወርቅውሃ ራሷ አሰልቺነቱን አትክድም። ግን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጥያቄ አልወጣም።

በ2000 አቶ ፈለቀ ዲን ሆኖ መጣ። ሳቂታ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ አዲስ አበባ የሠራ፤ ነገር ሁሉ ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ። በዕድሜ ከእሷ ብዙም አይበልጣትም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን «አንቺ» አላት፤ እሷ ደግሞ «እርስዎ» እንዳለችው ቀረች። ማባዣውን ወደ ንብረት ክፍል አስገብቶ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር አስገዛ። የብረቱ ቁም ሣጥን የእንግዳ ስኒ ማስቀመጫ ሆነ። መምህራኑ ፈተናቸውን በእሱ ኢሜይል ይልካሉ፤ እሷ ከፍታ ታትማለች፤ አለቀ።

ፓስዎርዱን በቢጫ ወረቀት ጽፎ ኮምፒዩተሯ ላይ የለጠፈው እሱ ራሱ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አቶ ፈለቀ፣ ይኼ እዚህ ባይለጠፍ ጥሩ ነው» አለችው።

«ለምን?»

«ሰው ያየዋል።»

«የቱ ሰው? እኛው ነን እኮ! ወርቄ፣ ያንቺ ነገር፣ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሻል?»

ወረቀቱን ላጠችና መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ፓስዎርዱ ጠፍቶበት ሊጠይቃት መጣና መልሶ ለጠፈው። ሬጅስትራሩ ደብዳቤ ሲፈልግ «ከኢሜይሌ አውጣው» ይባላል። ዲኑ መስክ ሲወጣ ስልክ ደውሎ ቢሮ ውስጥ ያገኘውን ሰው «እስቲ ኢሜይሌን ክፈትና ማን እንደላከልኝ ንገረኝ» ይለዋል። ወርቅውሃ ሁለተኛ ጊዜ ተናገረች፤ ሳቀባት። ሦስተኛ ጊዜ አልተናገረችም።

ያልተናገረችው ፈርታ አይደለም። በዚያው ዓመት እናቷን፣ እማማ ፋንቱን፣ ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸውና አልጋ ላይ ቀሩ። በየሦስት ሰዓቱ የሚያገላብጣቸው ሰው ያስፈልጋል። ማባዣው ቢኖር ኖሮ በፈተና ሰሞን አሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሳ ባጃጅ ይዛ ቤቷ ትገባለች። የእናቷ ጀርባ ሳይቆስል የቆየው በዚህ ነው። ስለዚህ ቢጫውን ወረቀት በየቀኑ እያየችው ዝም አለች። በኋላ ከሁሉ ያንገበገባት ይኼው ዝምታዋ ነበር።

የመጨረሻ ዓመት የነርስ ተማሪዎች ፈተና ሰኞ ሊሰጥ፣ ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፋ። የኮሌጁ ጄኔሬተር ከተበላሸ ወር አልፎታል። ስምንት ሰዓት ላይ ፈለቀ ከአጋሮ ደወለ፤ ለቅሶ ላይ ነበር።

«ወርቄ፣ አርባኛዋ ጥያቄ ስህተት አለባት አሉኝ። መምህሩ አርሞ ልኮልኛል። ዛሬውኑ ትታተም።»

«መብራት የለም እኮ።»

«ኢስሃቅ ኢንተርኔት ቤት ግቢያ! ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ፈተና? ኢንተርኔት ቤት ውስጥ?»

«አታክብጂው! ማን ያይሻል?»

ነገ ጠዋት መብራት እስኪመጣ ልጠብቅ ማለት ትችል ነበር። ሰዓቷን አየች፤ እናቷ ታሰቧት፤ ሄደች።

የኢስሃቅ ቤት እዚያው ጊንጆ ጉዱሩ ነው፤ ከቤቷ አምስት ደቂቃ። ስድስት ኮምፒዩተር፣ በር ላይ የሚጮህ ጄኔሬተር፣ ወረፋ የያዙ ወጣቶች። ተቀመጠችና ፓስዎርዱን አስገባች። አንድ ትንሽ ሣጥን በእንግሊዝኛ ብቅ ብሎ ማሽኑ ፓስዎርዱን ይያዝልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ከኋላዋ አንዱ «እናቴ፣ ማሎ፣ ቶሎ ይበሉልን» አላት። እንዲጠፋላት ብላ ብቻ አንዱን ነካች። የቱን? ዛሬም አታውቅም። የታረመውን ፈተና ሦስት ገጽ አሳትማ፣ ወረቀቱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ፣ ገጹን ዘግታ ወጣች። ከኢሜይሉ ወጥታ ነው የዘጋችው ወይስ እንዲሁ ነው የዘጋችው? ይህንንም አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ገና ሳይታደል አንዱ ተማሪ መልሱን ሲያነበንብ ፈታኙ ሰማው። ሲፈትሹት ጥያቄዎቹ በሙሉ ኪሱ ውስጥ ተገኙ። እኩለ ቀን ላይ ነገሩ ተጣራ፤ እሑድ ሙሉ ቀን ጅማ መርካቶ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሲያባዙት ውለዋል። አርባኛዋ ጥያቄ ደግሞ ከነእርማቷ ነበረች። ወርቅውሃ ይህን ስትሰማ ኢስሃቅ ቤት ያሳተመቻቸው ገጾች ትዝ አሏት። ፈተናው የወጣው ከሐሙስ በኋላ ነው ማለት ነው።

ፈተናው ተሰረዘ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድጋሚ ይሰጣል፣ ያልተገኘ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ የሬጅስትራሩ ረዳት ዘይቡ አንድ ደብዳቤ በሻርፗ ሸፍና ይዛላት መጣች። ዲኑ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ የጻፈው ነው። «ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ከጸሐፊዋ ከወ/ሮ ወርቅውሃ ሀብተጊዮርጊስ በስተቀር በማንም እጅ ያልነበረ በመሆኑ…» ይላል።

ወርቅውሃ ሁለቴ አነበበችው።

«በማንም እጅ» አለች።

«ወርቄ፣ ሰብር አድርጊ» አለች ዘይቡ። «አጥፍቻለሁ ይቅርታ በያቸው፤ አንቺን አያባርሩሽም። አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። ፈለቀም ያውቃል። እኔ የምፈልገው በቃለ ጉባኤ እንዲያውቅ ነው።»

በማግስቱ ቢሮዋን ሳታንኳኳ ገፍታ የገባች አንዲት ተማሪ ነበረች። ሌንሳ ትባላለች፤ የአጋሮ ቡና ገበሬዎች ልጅ፣ መውለጃዋ የተቃረበ ነፍሰ ጡር። አልተቀመጠችም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«እትዬ፣ ድጋሚው ፈተና የሚውልበትን ቀን አይተውታል? ሐኪም ቤት ትወልጃለሽ ያሉኝ ሳምንት ነው።»

«አይቻለሁ።»

«እኔ ያንን ወረቀት አልገዛሁም። ቤተሰቦቼ ዘንድ አራት ወር ሙሉ እያስመለሰኝ ነው ያነበብኩት። አሁን የገዙት ይፈተናሉ፤ እኔ አንድ ዓመት እቀመጣለሁ። እርስዎ ነዎት ይላሉ። እውነት ነው?»

ወርቅውሃ «አልሸጥኩም» አለቻት። «እኔ አይደለሁም» ግን አላለቻትም። ሌንሳ በሩን ክፍት ትታ ወጣች።

ወርቅውሃ ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ ኢስሃቅ ሄደች።

«ሐሙስ ዕለት እኔ ከተነሳሁበት ኮምፒዩተር ማን ተቀመጠ?»

«እትዬ ወርቄ፣ ዋላሂ አላውቅም። በቀን ስንት ሰው ነው የሚገባው!»

«ኢሜይሉ ተከፍቶ ቀርቶ እንደሆነስ?»

ኢስሃቅ አንገቱን አከከ። «በየቀኑ የሰው ደብዳቤ ተዘርግቶ አገኛለሁ። ሰው ይነሳል፣ ይሄዳል። እኔ እዘጋለሁ። አንዳንዴ እኔ ሳልደርስ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።»

«ታዲያ ኢሜይላችሁን ዝጉ ብለህ ግድግዳው ላይ ለምን አትለጥፍም?»

«ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ቶሎ ሊወጣ ነው እኮ፤ ማን ያነባል?»

ወጥታ ወደ ቤቷ አመራች። በመንገዱ ላይ ከራሷ ጋር ስትጣላ ነበር። ከሥራዋ የሚያስወጣት ሰው የሚፈልገውን ማስረጃ ራሷ ይዛለች። ኢንተርኔት ቤት መግባቷን ፈለቀ አይናገርም፤ ያዘዛት እሱ ነውና። እሷም ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ቤቷ ደርሳ እናቷን ስታገላብጥ፣ እማማ ፋንቱ በሚሠራው በግማሽ አፋቸው «ምን ሆነሻል?» አሏት። «ዋሽቼ ልዳን ወይስ እውነቱን ተናግሬ ልጥፋ እያልኩ ነው» አለቻቸው። እናቷ ብዙ መናገር አይችሉም። «ተናገሪ» አሏት። «ሁሉንም።»

ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው አቶ ዘለቀ፣ ሸበቶ የአናቶሚ መምህር፤ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊው ሙሀጅር፤ ሬጅስትራሩ፤ የሠራተኛ አስተዳደሯ ሴትዮ፤ ከተቀጠረ ሁለት ወር ያልሞላው የላቦራቶሪ መምህር። ፈለቀ እንደ ከሳሽ ጥግ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ወይዘሮ ወርቅውሃ» አሉ አቶ ዘለቀ፣ «የሚሉት ካለ ይንገሩን።»

«አለኝ። ሐሙስ ዕለት አቶ ፈለቀ ከአጋሮ ደውለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ፈተናውን እንዳወጣ አዘዙኝ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም፤ ገባሁ። ኢሜይሉን በደንብ ልዝጋው አልዝጋው እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ወጥቶ እንደሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይጻፍልኝ።»

የአስተዳደሯ ሴትዮ ቀና ብላ አየቻት። ፈለቀ እግሩን ፈታ።

«እኔ እንደሱ አላልኩም» አለ። «ጥንቃቄ አድርጊ ነው ያልኩት።»

ወርቅውሃ ወደ እሱ አልዞረችም። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ አምስት ቦታ ቀደደችና ለአምስቱም ፊት ፊታቸው አስቀመጠች።

«አሁን እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤው ፈተናው ከእኔ በቀር በማንም እጅ አልነበረም ይላል። እባካችሁ የአቶ ፈለቀን ፓስዎርድ የምታውቁ እዚህ ላይ ጻፉልኝ። የማያውቅ ባዶውን ይመልስልኝ።»

«ይኼ ምን ማለት ነው? ጨዋታ ነው?» ፈለቀ ተነሳ።

«ይቀመጡ» አለችው። ድምፅዋ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሲስቁብኝ እኔ ተቀምጬ ነበር።»

ፈለቀ ተመልሶ ተቀመጠ። መጀመሪያ እስክሪብቶ ያነሳው ሙሀጅር ነው። ከዚያ ሬጅስትራሩ። የአስተዳደሯ ሴትዮ አመነታች፤ ጻፈች። አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፤ እሳቸውም ጻፉ። አዲሱ መምህር ብቻ ባዶ ወረቀቱን እያገላበጠ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ አለና «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጠየቀ። ሬጅስትራሩ ሳያስበው «ስሙ ነዋ፣ አንድ ሁለት ሦስት» አለው።

አራቱ ወረቀቶች ላይ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፎ ነበር። ወርቅውሃ አንድ በአንድ ድምፅዋን ሳታሰማ አነበበቻቸውና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ካፍቴሪያ ያሉትን አልጠየቅኩም» አለች። «የቀድሞ ተማሪዎችንም አልጠየቅኩም። ከእነዚህ ሁሉ መሃል ማን እንዳወጣው እኔ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም። አንዲት ነፍሰ ጡር ተማሪ ግን በማታውቀው ጥፋት አንድ ዓመቷ ሊበላ ነው። ድጋሚ ፈተናውን ለእሷ በሌላ ቀን ስጧት። እኔን እንደፈለጋችሁ።»

ከሳምንት በኋላ ውሳኔው መጣ። ወርቅውሃ ከባድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ንብረት ክፍል እንድትዛወር፤ ዲኑ «ለወደፊቱ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ በቃል እንዲነገራቸው»። ቃለ ጉባኤው ውስጥ ስለ አራቱ ወረቀቶች አንድ መስመር የለም። የት ሄዱ ስትል ሬጅስትራሩ «ሲጸዳ ተጥሎ ይሆናል» አላት። ስለ ሌንሳ ደግሞ «ኮሚቴውን አይመለከትም»። አቶ ዘለቀ ኮሪደር ላይ አግኝተዋት «ምን ላድርግ ብለሽ ነው፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው» አሏት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ብለው። እጃቸውን ሳትጨብጥ አለፈች።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሙሀጅር ንብረት ክፍል ድረስ መጣና እየሳቀ «እትዬ ወርቄ፣ አቶ ፈለቀ ፓስዎርዱን ቀየረ እኮ» አላት።

«ምን አለው?»

«አራት ጨመረበት።»

ሙሀጅር አብራው የምትስቅ መስሎት ነበር። ወርቅውሃ በእጇ የነበረውን የንብረት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ተነሳች። በዚያው ቀን የመልቀቂያ ማመልከቻዋን ጻፈች፤ ሦስት መስመር ነበር።

ሌንሳ በድጋሚው ፈተና ዋዜማ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ወርቅውሃ አጋሮ ድረስ ሄዳ አራስ ጠየቀቻት፤ እዚያው አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ለኮሌጁ ቦርድ ማመልከቻ አረቀቀችላት። ከዚያ ቦርዱን ለአራት ወር አሰለቸችው። የቦርዱን ጸሐፊ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ዛሬ የለም ሲሏት ነገ ትመጣለች፤ የሐኪም ቤቱን ወረቀት፣ የኮሌጁን ደንብ፣ ሁሉንም በእጇ ገልብጣ አያይዛ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሌንሳ ብቻዋን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ተፈተነች፤ አለፈች። ጥር ላይ ሰኮሩ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። ፈተናውን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፈለቀ ሌላ ሁለት ዓመት ዲን ሆኖ ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ በእድገት ተዛወረ።

ወርቅውሃ ከቤቷ በር ላይ አንዲት ክፍል ከፍታ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀመረች፤ እናቷንም በየሦስት ሰዓቱ ማገላበጥ ተመቻት። ሰፈሩ «ቁጡዋ ጸሐፊ» ይላታል። ፍላሽ ሰጥቷት ሳይወስድ የሄደውን ሰው መንገድ ድረስ ተከትላ ትሳደባለች። ፓስዎርዱን ጮክ ብሎ የሚነግራትን ሰው «ለሰፈር ንገርና ተመለስ» ብላ ታስወጣዋለች። ሥራ ስታበቃ «በፊትህ ላጥፋው» ትላለች። የተቆጡ ደንበኞች ሄደው አልተመለሱም፤ ደግሞ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት፣ የፍቺ ወረቀት የሚያስጽፍ ሰው ከሌላ ቀበሌ ድረስ እሷን ፈልጎ ይመጣል።

በ2006 አንድ ቅዳሜ ሌንሳ ከሰኮሩ መጣች። የልጇን ፎቶ ልታሳትም ነበር። ስልኳን «እዚያ ውስጥ ነው፣ ይፈልጉት» ብላ ሰጠቻት፤ መቆለፊያ የለውም። ወርቅውሃ ፎቶዎቹን በጣቷ ስትገፋ ከልጅቷ ፎቶ ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ። የመዝገብ ገጽ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። ቀጣዩም እንደዚያው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ዝርዝር ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እሱ ለሪፖርት ነው» አለች ሌንሳ። «መዝገቡን ቁጭ ብሎ መገልበጥ ጊዜ ይፈጃል፤ አነሳዋለሁ፣ ቤቴ ሆኜ እሞላዋለሁ።»

«ይኼን ስልክ ይዘሽ ከሰኮሩ በአውቶቡስ መጣሽ?»

«እትዬ፣ ማን ያየዋል…»

ወርቅውሃ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ጠቆረ። «ይህችኛዋን ሴት አውቃታለሁ» አለች፣ ስሙን በጣቷ እየጠቆመች። «የእኔ ደንበኛ ናት። ባሏ አያውቅም። እኔ አሁን አወቅኩ። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

ሌንሳ ደነገጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ እልህ ያዛት። «ሦስት መቶ በሽተኛ ነው ያለኝ! ብቻዬን ነኝ! ሪፖርቱን ታዲያ በምን ልጻፈው?»

«እዚያው ቁጭ ብለሽ፣ በእጅሽ።»

«ሁለት ቀን ይፈጃል!»

«ይፍጅ!»

ሌንሳ ስልኩን አንስታ ገጾቹን አንድ በአንድ አጠፋች፤ አሥራ ስድስት ነበሩ። ወርቅውሃ መቆለፊያ ቁጥር እንዴት እንደሚገባ አሳየቻትና፣ ቁጥሩን ስታስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እረሳዋለሁ እኮ» አለች ሌንሳ፣ ገና እንደተኮሳተረች። «ብትረሺው አንቺ ብቻ ትቸገሪያለሽ» አለቻት ወርቅውሃ። የልጅቷን ፎቶ አትማ በፖስታ ሰጠቻት። ሌንሳ ተቀብላ ሳትሰናበታት ወጣች።